ንባብ፣ ከጦሳ ሥር

ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ የመብራት ኃይል ሰው፤
ደሴን በየወሩ በእግሬ የማምሰው፤
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከሆጤ ሽቅብ
ቁጥር ስለቃቅም፣ ቁጥር ስሰበስብ።
ጉሙ ሲንሸራተት ከጦሳ ትከሻ
በሩን ሳላገኘው ያገኘኛል ውሻ።

አንድ ማለዳ ነው፣ በመስከረም ማብቂያ፣
ከማማው መንገድ ላይ፣ ከአስታው መብቀያ
ድንጋይ ላይ ቆማለች። ከጭብጥ ታንሳለች።
ጥላሸት ነክቷት ቡናማ መስላለች።
እግሯ ከሰውነቷ ያልተመካከረ፣
ረዥም፣ ከሌላ ወፍ የተበደረ።

በደብተሬ ጠርዝ ላይ እንዲህ ስል ጻፍኩኝ፦

የደንበኛ ስም፦ ገና አልጠየቅኩኝ።
አድራሻ፦ ከጽዱ፣ ከእርሻውም በላይ፣
ባሕር ዛፉ ሲያልቅ፣ ገደሉ ሲታይ።
ጠባይ፦ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና ማለት፣
ክንፍ ገለጥ አርጎ እንደገና መክተት፤
ጉንዳን ስታሳድድ እግሬ ሥር ትመጣለች፤
ጉቶ መስያት ይሆን? ብቻ ትዘልላለች።
ድምፅ፦ አጭር ፉጨት፤ «ፊው» ብዬ ጻፍኩና
ሰረዝኩት፤ ፊደሉ አይበቃትምና።
ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ቆጥሬ አድጌ
ለዚች ጉሮሮ አንድ አጣሁ ፈልጌ።

የማማው ዘበኛ፣ እንድሪስ ሙሄ፣
«ድንቢጥ ነዋ!» አለኝ፤ «ምን ስም አለው ይሄ?»
ሣር አጫጇ ዘሐራ ማጭዷን ገትታ
«‹ጎረቤት› ነው ስሟ» አለች፣ ሸክሟን ፈትታ፤
«እኛ ጎጆ ሳንቀልስ፣ ሳንቆፍር መሠረት
እሷ እዚሁ ነበረች፤ ምን ትባል? ጎረቤት።»

ጡረተኛው መምህር፣ አቶ አስራደ፣
ከመደርደሪያው ላይ መጽሐፍ አወረደ።
መጽሐፉ የሞላው የሌላ አገር ወፍ፤
አንዱ አንገተ ቀይ፣ አንዱ ባለ ትርፍ
ጭራ።
መነጽሩን አውልቆ ጠራርጎ ሲያበቃ፣
«ነጭ አላት ወይ ጭራዋ?» አለኝ። «የላትም» አልኩ፤
በዚህ ዓይኔ ብዬ፣ ጭራሽ እየማልኩ።

ቢሮ ስገባ ደግሞ አለቃዬ ሲቆጣ፣
«ከላይኛው ሰፈር ንባብ ለምን ታጣ?»
«ወፍ የለም» አልኩት። ሳቀ። አልሳቅሁም እኔ፤
እዚያው ድንጋዩ ላይ ነበር ልቤና ዓይኔ።

ጥር ሲገባ አንድ ቤት፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ፣
ቁልፉ ዝጓል፤ አጥሩ ዘሟል ወደ ታች ሲያይ።
እመት ዙሪያሽ ልጇ ዘንድ ወርዳ ኮምቦልቻ፣
«ሙቀት ይሻለኛል» ብላ፣ ለክረምት ብቻ፤
ብቻው ዓመት ሆነው።

የቆጣሪው ሳጥን መስታወቱ ረግፏል።
እጄን ከመስደዴ አንድ ነገር ፍር ብሏል፦
ያ ጥላሸት ጭራ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ
ግራ ቀኙ ነጭ ነው፣ ነጭ! በጉሙ በርቶ።
ቆማ የደበቀችው፣ ስትሄድ የገለጠችው፤
መታወቂያዋን ከኋላዋ ነው የሰፋችው።
(ይቅርታ፣ መምህር። በሐሰት ነው የማልኩ።
ስትሄድ አላየኋት፤ ሁልጊዜ ቀድሜ ሄድኩ።)

ሳጥኑ ውስጥ ሣር አለ፣ የፍየል ጠጉር፣
ሦስት ዕንቁላሎች፣ ትንንሽ፣ ዥጉርጉር።
ዲስኩ አይዞርም፤ ቁጥሩም ያው ያምናው ነው፤
ሌላ ጊዜ ቢሆን «በር ዝግ» ነው የምለው።
እስክሪብቶ አወጣሁ። ብርዱ ጣቴን ይዞት፣
እንደ ምንም ጻፍኩኝ፦ «ነዋሪ አለበት።»

በሳምንቱ ስልክ። እመት ዙሪያሽ ኖሯል፤
ወሬው ደርሷት ይሆን፣ ድምፇ ተንቀጥቅጧል፦
«ልጄ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ማነው የገባ ቤት?»
ጥቂት ዝም አልኩና፣
«እማማ፣ ጎረቤት።»